26 ሁሉ አንድ አይደለም

ከሸዋ ሮቢት የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «የሳይክሌ የኋላ ጎማ አለቀ። ደብረ ብርሃን ለሚሄድ ሰው 26 ጎማ ግዛልኝ አልኩት፣ አመጣልኝ። ያለ ምንም መፈልቀቂያ በእጅ ብቻ ገባ። ንፋስ ስሞላው ግን በአንድ በኩል ከቸርኬው እየወጣ ከመነዳሪው ያብጣል። አንድ ጎሚስታ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ከሥሩ ጠቅልልበት፣ ይጠብቃል አለኝ። ላድርገው?»

ወንድሜ፣ በፍጹም እንዳታደርገው። ጎማው ቸርኬውን የሚይዘው ጠርዙ ውስጥ ባለው ሽቦ ነው። ሽቦው ከሰፋ ምንም ብትጠቀልልበት አይጠብም። ሜዳው ላይ ጥቂት ቀን ያስኬድህ ይሆናል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርድ ቢወጣብህ ግን የሚያተርፍህ ነገር የለም።

26 የሚለው ቁጥር ንፋስ የተሞላው ጎማ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት ነው፣ በኢንች፣ ያውም በግምት። የቸርኬውን ልክ አይነግርህም። ወፍራም ጎማ ትንሽ ቸርኬ ላይ፣ ቀጭን ጎማ ትልቅ ቸርኬ ላይ ሲገባ የሁለቱም ውጫቸው 26 ይመጣል። የማውንቴን ሳይክሉ 26 × 1.95 የሚቀመጥበት ቸርኬ 559 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው የከተማ ሳይክል 26 × 1 3/8 ደግሞ 590 ነው። በእጅ ገባ፣ በአንድ በኩል ይወጣል ካልከኝ የ590 ጎማ 559 ቸርኬ ላይ እንደገባ ነው የምጠረጥረው። ተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ ጭራሽ አይገባም ነበር።

በነጥብ የተጻፈና በክፍልፋይ የተጻፈ ቁጥር አንድ ነው ብለህ እንዳትሸወድ። 1.75 እና 1 3/4 በሒሳብ እኩል ናቸው። 26 × 1.75 ግን የሚገባው 559 ላይ ነው፣ 26 × 1 3/4 ደግሞ 571 ላይ።

ስለዚህ የኢንቹን ነገር ተወውና ጎኑ ላይ በትንሹ የተጻፈውን ፈልግ። 50-559 ይላል እንበል። 50 የጎማው ውፍረት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 559 ሽቦው የሚቀመጥበት የቸርኬ ስፋት ነው፣ ከዳር እስከ ዳር። ሁለተኛው ቁጥር በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ መለየት የለበትም። 29 እና 700ሲ የሚባሉት ሁለቱም 622 ናቸው፣ 27.5 ደግሞ 584። ትልቁ የድሮ ሳይክል 28 × 1 1/2 ግን 635 ስለሆነ ከ29 ጋር አይገናኝም።

የአሮጌው ጎማ ጽሑፍ ከጠፋ ቸርኬውን እይ፣ ብዙ ጊዜ 559 × 19 የመሰለ ነገር ተቀርጾበታል፤ እዚህ 559 ቀድሞ ይመጣል፣ 19 የቸርኬው የውስጥ ወርድ ነው። እሱም ከሌለ ጎማውን አውልቅና የማይለጠጥ ክር አምጣ። ክሩን ከቸርኬው ከንፈር ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ የጎማው ሽቦ የሚያርፍበት ደረጃ ላይ ዙሪያውን አስኪደውና በሜትር ለካው። ዙሪያው 1 ሜትር ከ75 ወይም 76 ሳንቲ ከመጣ ከዳር እስከ ዳሩ 559 ነው። 1 ሜትር ከ85 ከሆነ 590 ነው። ልዩነቱ 10 ሳንቲ ገደማ ስለሆነ ክሩ ትንሽ ቢዛነፍም አትሳሳትም።

ውፍረቱ ላይ ትንሽ ነጻነት አለህ። 1.95 ካጣህ 1.75 ወይም 2.10 ይሆናል። ብቻ ፓራፋንጎውንና የሳይክሉን ብረት እንዳይነካ በየጎኑ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑረው፣ በተለይ በክረምት ጭቃ ሲይዝ።

ከመነዳሪ ይለጠጣል፣ እንደ ጎማው አያስጨንቅም። የቫልቩ ቀዳዳ ግን ይለያያል። ወፍራሙ፣ እንደ መኪና ያለው ቫልቭ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ቀጭኑ 6።

የመጣልህን ጎማ ሳታቆሽሸው መልሰው። አዲሱን ስትገጥም መጀመሪያ ትንሽ ንፋስ ብቻ ስጠውና ሳይክሉን ገልብጠህ ጎማውን አሽከርክረው። ከቸርኬው ጠርዝ በላይ ጎማው ላይ ቀጭን መስመር አለ፤ ዙሪያውን እኩል ከታየ ሙላው። አንድ ቦታ ከጠለቀ ወይም ከወጣ አስተንፍስና በእጅህ አስተካክለህ እንደገና ጀምር።