መልስ፦ ዶርም ውስጥ ኢንፍሉዌንዛ ሲገባ ትምህርት ይዘጋ?
«ተማሪዎቻችን ዶርም ውስጥ በኢንፍሉዌንዛ እየታመሙ ነው፤ ኮሌጁን እንዝጋው?» ላሉት፣ እኔ ለመዝጋት አልቸኩልም። ተማሪው ቫይረሱን ይዞ ቤተሰቡ ጋ ነው የሚሄደው። ይልቅ ለታመሙት ለብቻ ክፍል ስጧቸው። ትኩሳቱ ያለ ማስታገሻ ከለቀቃቸው በኋላ 24 ሰዓት እስኪሞላ አይውጡ። ማስታገሻው ያታልላል። ፓራሲታሞል ውጦ ግንባሩ የቀዘቀዘ ልጅ «ድኛለሁ» ብሎ ፈተና ይገባል፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ያስተላልፋል። ስለዚህ መምህራን የሐኪም ወረቀት ሳይጠይቁ ፈተናውን ያራዝሙለት፤ አለዚያ ማንም አርፎ አይተኛም። ምግብና ውሃ በሩ ድረስ የሚያደርስም ሰው መድቡ።

አስም ወይም ስኳር ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ይያቸው። ኦሴልታሚቪር የሚባለው ፀረ ቫይረስ ይበልጥ የሚሠራው ምልክቱ በታየ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ትንፋሽ ያጠረው ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።