ከቃሊቲ ሆኖ የንግድ ክርክር መያዝ ያዋጣል ወይ?

እህቴ፣ ሕግ ተመርቀሽ የጥብቅና ፈቃድ ልታወጪ ስለሆነ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቢሮ ከፍቼ የንግድ ክርክር ብቻ ብይዝ ያዋጣኛል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ቃሊቲ ተቀምጬ ይህንኑ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ያዋጣል። ግን አብዛኛው ሥራ ያለው ችሎት ውስጥ አይደለም፤ መጋዘን ውስጥ ነው።

እዚህ አካባቢ ነጋዴው የሚሠራው በመተማመን ነው። ፌሮና ሲሚንቶ በስልክ ይታዘዛል፣ በአይሱዙ ይላካል፣ ክፍያው ለወር ይቀጠራል። ነገሩ ሲበላሽ ደንበኛው ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ይመጣል። በመጀመሪያ ዓመቴ አንድ ፌሮ ሻጭ እንዲሁ መጣ። የርክክብ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋኋቸው። ግማሾቹ ላይ የፈረመው የሳይቱ ዘበኛ ነው። ስም የለ፣ ማኅተም የለ፣ ፊርማው አንድ ጭረት ብቻ። ገዢው «ዘበኛዬን ዕቃ ተረከብልኝ ብዬ አልወከልኩትም» አለ። ያዳነን፣ ከዚያ በፊት ይኸው ዘበኛ ፈርሞ የተቀበለውን ዕቃ ገዢው በባንክ መክፈሉ ነው። ይህን ለማግኘት የሁለት ዓመት የባንክ ስቴትመንት ከወረቀቶቹ ጋር ስናመሳክር ሦስት ሌሊት አደርን።

ስለዚህ ክስ ከመጻፍሽ በፊት ማስረጃሽን ጨርሺ። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 223 ማስረጃ የሚዘረዘረው ከክሱ ጋር ነው። በኋላ ላምጣ ብትዪ በቂ ምክንያት ትጠየቂያለሽ።

እስካሁን የሚቆጨኝን ደግሞ ልንገርሽ። አንድ ክስ አሸነፍን። ለአፈጻጸም፣ ማለትም የተፈረደልንን ገንዘብ ከንብረቱ ለማስከፈል ስንሄድ፣ የተከሳሹ መጋዘን የኪራይ ሆኖ ተገኘ፤ መኪናው ክርክሩ እየተካሄደ ሳለ ተሽጧል። ደንበኛዬ የፍርዱን ግልባጭ ይዞ ዝም ብሎ አየኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ተከሳሹ ንብረቱን እያሸሸ እንደነበር ምልክት ነበረኝ። በዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 151 ከፍርድ በፊት ንብረቱ እንዲከበር፣ ማለትም እንዳይሸጥ እንዲያዝ፣ ማመልከት ስችል ነገ ዛሬ ስል አለፈኝ። አሁን ውሉን ከማንበቤ በፊት «ሰውዬው ምን አለው? በማን ስም?» ብዬ ነው የምጀምረው።

የከተማ ዳር የራሱ ጣጣ አለው። ትንሽ አለፍ ብለሽ ገላን ከገባሽ ጉዳዩ ኦሮሚያ ፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል። የፌዴራል ፈቃድሽ እዚያ አያስቆምሽም፤ ችሎቱም በአፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን ከቻልሽ የክልሉንም ፈቃድ አውጪ። ካልቻልሽ እዚያ የሚሠራ የምታምኚው ባልደረባ ይኑርሽ።

አዲሱን የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243/2013ን ደጋግመሽ አንብቢ። የ1952ቱን ግን እንዳትጥዪው። ቼክና ኢንሹራንስ አሁንም የሚዳኙት በእሱ ነው፤ እዚህ ሰፈር ደግሞ የቼክ ጉዳይ አይጠፋም።

ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ነኝ። ነዪ፣ በፌስታል የመጣ ወረቀት እንዴት እንደሚለይ ላሳይሽ።