ካፕ ዲኤንኤውን ይዞ ሳለ ጂኑ ለምን አይነቃም?

በደብዳቤዎ እንደገለጹት፣ በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ላክ ፕሮሞተር (የላክ ጂኖች ንባብ በሚነሳበት የዲኤንኤ ክፍል) ላይ ካፕ የተባለው ጂን አንቂ ፕሮቲን በሚያርፍበት ቦታና በ−35 ቅደም ተከተል (አርኤንኤ የሚሠራው ኢንዛይም፣ አርኤንኤ ፖሊመሬዝ፣ ከንባቡ መነሻ 35 ቤዝ ገደማ ቀድሞ የሚይዘው ቦታ) መካከል ኢኮ አር ዋን የተባለው ኢንዛይም የሚቆርጣቸው 6 ቤዝ ጥንዶች አስገብተዋል። ከዚያ ወዲህ በጄል ሲፈተን ካፕ ዲኤንኤውን እንደ ቀድሞው አጥብቆ ይይዛል፤ በቱቦ ውስጥ በሚደረገው የትራንስክሪፕሽን (ዲኤንኤን ወደ አርኤንኤ የመገልበጥ) ሙከራ ግን የሚገኘው አርኤንኤ ካፕ ከሌለበት ናሙና አይበልጥም። ፕሮቲኑ ተበላሽቷል ብለው እንደገና ሊያጣሩት አስበዋል፤ እኔ ግን ያንን ድካም ለጊዜው እንዲያቆዩት እመክራለሁ።

ካፕ ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች ያሉት ፕሮቲን ሲሆን፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን ትንሽ የመልእክት ሞለኪውል ሲይዝ ዲኤንኤን የሚያነቡት ጠመዝማዛ ክፍሎቹ (ሄሊክሶቹ) አቅጣጫቸውን ቀይረው ወደ ዲኤንኤው ጎድጓዳ ለመግባት ይመቻቻሉ፤ ሲገቡም ዲኤንኤውን ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ያጎብጡታል። ብዙ ሰው የማንቃቱን ሥራ ለዚህ መጉበጥ ይሰጠዋል፤ ሆኖም 159ኛው አሚኖ አሲድ ከሂስቲዲን ወደ ሉሲን የተለወጠበት ካፕ ዲኤንኤውን ይዞና አጉብጦ ሳለ ላክን አያነቃም። ወሳኙ ነገር፣ ከ156 እስከ 164 ባሉት አሚኖ አሲዶች የተሠራው የካፕ ገጽ የአርኤንኤ ፖሊመሬዝን አልፋ ክፍል ጫፍ መንካቱ ነው። ይህ ጫፍ ከቀሪው ፖሊመሬዝ ጋር የተያያዘው በተለማጭ ሰንሰለት ስለሆነ፣ ከካፕ ጎን ዲኤንኤው ላይ ያርፍና ፖሊመሬዙ ፕሮሞተሩን እንዲይዝ ያግዛል።

እንግዲህ የካፕ ቦታ መሐል በተፈጥሮው −61.5 ላይ (ከንባቡ መነሻ 61.5 ቤዝ ጥንድ ቀድሞ) ነው፤ እርስዎ 6 ጥንድ ሲጨምሩ ወደ −67.5 ሄዷል። ዲኤንኤ በ10.5 ጥንድ ገደማ አንድ ዙር ስለሚዞር፣ ካፕ አሁን ከግማሽ ዙር ጥቂት አልፎ በዲኤንኤው ተቃራኒ ፊት ላይ ቆሟል ማለት ነው። ሰንሰለቱ መለመጡ ርቀትን በመጠኑ ያስችለዋል፤ የተገላበጠ ፊትን ግን አያካክስም።

ከሁሉ አስቀድመው ያልተነካውን ፕሮሞተር በዚሁ ካፕ ይሞክሩ፤ ከነቃ ፕሮቲኑ ደህና ነው። ካልነቃ ደግሞ 0.2 ሚሊሞላር ገደማ ሳይክሊክ ኤኤምፒ በትራንስክሪፕሽኑ በፈር ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ፤ በጄሉ ላይ ኖሮ እዚህ ቢረሳ የሚታየው ውጤት ይኸው ነውና። ያልተነካው ከነቃ፣ በተጨመሩት 6 ጥንዶች ላይ ሌላ 5 ጨምረው ቦታውን ወደ −72.5 ይውሰዱት፤ ሙሉ ዙር ስለሚሆን ማንቃቱ ሊመለስ ይገባል፣ መጠኑ ግን ከመጀመሪያው ዝቅ ሊል ይችላል። መቁረጫው የሚያስፈልግዎ ለክሎኒንግ ብቻ ከሆነ ግን ከካፕ ቦታ ወደ ላይ፣ ማለትም ከንባቡ መነሻ ይበልጥ ወደሚርቀው ወገን፣ ማዛወሩ ይሻላል። በዚያው ርዝመት ቤዞቹን ብቻ መለወጥን አልመርጥም፤ የአልፋው ጫፍ የሚያርፈው እዚያው ክፍተት ላይ ነው።

በመጨረሻ ምክንያቱን ለማስረገጥ ከፈለጉ፣ አልፋው ከ235ኛው አሚኖ አሲድ በኋላ የተቆረጠ ፖሊመሬዝ ይጠቀሙ፤ ማንቃቱ በተመለሰለት ፕሮሞተር ላይም ካፕ ሊያነቃ አይገባም። ይህ ፖሊመሬዝ በራሱ መሥራቱን ለማየት ላክ ዩቪ5 የተባለው የተለወጠ የላክ ፕሮሞተር ተስማሚ ነው፤ ያለ ካፕ ስለሚሠራ ግን ማንቃትን ለመለካት አይጠቀሙበት።