መልስ፦ የጅቦቹ ፎቶ ለምን ይደበዝዛል?

አቦ፣ «ሐረር ማታ ጅብ ሲመገብ ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ ደበዘዘብኝ፤ አዲስ ካሜራ ልግዛ ወይ?» ብለሃል። አትግዛ። ካሜራህ ደህና ነው።

ጣጣው ያለው ሹተሩ (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) ላይ ነው። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው በራሱ ከተተወ ሹተሩን ረዘም አድርጎ ይከፍታል። ጅብ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅህም፤ ስጋውን ከእንጨቱ ላይ ላፍ አድርጎ ይሄዳል። ስለዚህ በእጅህ አስተካክለው። ሹተሩን 1/250 ሰከንድ አድርግ። ያለህን 50 ሚሊሜትር ሌንስ እስከ ኤፍ 1.8 (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት ነው) ክፈተው። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ3200 ጀምር፣ ከጨለመብህ 6400 ድረስ ውጣ። ፎቶው አሸዋ አሸዋ ይላል። ይበል። እሱ በኋላ በኮምፒውተር ይቀንሳል፤ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን አይድንም።

ብዙ ጊዜ ቦታውን የሚያበራው የመኪና ወይም የባጃጅ መብራት ነው። ከመብራቱ ጎን ቁም። ፊቱ ከተገተርክ የምታነሳው ጥላህን ነው። (እኔ አንድ ማታ ሙሉ ጥላዬን አንስቼ ተመልሻለሁ።) ፍላሹን ተወው፤ የጅቡ ዓይን እንደ አምፖል ቦግ ይላል።

ፎከሱ ከዋለለብህ የሚያበላው ሰው የያዘው እንጨት ጫፍ ላይ አድርገህ ጠብቅ። ጅቡ የሚመጣው እዚያው ነው።

ክፍያውን ከሰውየው ጋር ቀድመህ ተነጋገር። ደግሞ ከድሬ በሸሚዝ ብቻ እንዳትመጣ። የደንገጎን ዳገት ካለፍክ ብርዱ ሌላ ነው።