ማር ላይ ኪውአር ኮድ ቢለጠፍ ገዥ ያምናል?

ጥያቄ፦ ከሰከላ ወረዳ ነው የምጠይቀው። ማሬን በቴሌግራም እያስተዋወቅሁ ባሕር ዳር ላሉ ደንበኞች እልካለሁ። «ስኳር የለበትም ወይ?» የማይለኝ የለም፤ ብር አስቀድሞ የሚልክም ጥቂት ነው። ዕቃው ላይ ኪውአር ኮድ ብለጥፍ ያምኑኛል?

መልስ፦ ኮዱ (በስልክ ካሜራ ሲነበብ ገጽ የሚከፍተው ምልክት) ብቻውን አያሳምንልዎትም። ማንም አሳትሞ ይለጥፈዋል፤ የእርስዎንም ኮድ ፎቶ አንስቶ በሌላ ሰው ማር ላይ መለጠፍ ይቻላል። ቅቤና በርበሬ ላይ ባዕድ ነገር ሲቀላቀል የሰማና ያየ የከተማ ገዥ፣ ስልክ ላይ ያነበበውን የሚቀበለው እጁ ከገባው ማር ጋር ሲገጥምለት ነው። ስለዚህ መዝገቡ ይቅደም፣ ኮዱ ይከተል።

ለእያንዳንዱ የማር ቆረጣ የራሱን ቁጥር ይስጡት። ለምሳሌ 03/18-2 ቢሉት በኅዳር 2018 የተቆረጠ ሁለተኛ ዙር ማለት ይሆናል። በዚሁ ቁጥር ሥር ቀበሌውን፣ የተቆረጠበትን ቀን፣ ቀፎው ባህላዊ፣ የሽግግር ወይም ዘመናዊ መሆኑን፣ በጊዜው ያበበውን አበባና ለንቦቹ ስኳር መስጠት ያቆሙበትን ቀን ይመዝግቡ። የሁለት ዙር ማር ከደባለቁ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

የስኳሩን ጉዳይ አደራ። በክረምት ንቦቹ እንዳይራቡ የሚሰጣቸውን የስኳር ውኃ የተረፈውን የማር እንጀራቸው ውስጥ ያከማቹታል። እሱ ሳያልቅ ማር ከተቆረጠ፣ እርስዎ አንድ ማንኪያ ባይጨምሩም የገዥው ጥርጣሬ እውነት ሆነ ማለት ነው። መስከረም ላይ መጭና አደይ አበባ ማበብ ሲጀምሩ መቀለቡን ያቁሙ፤ ዘመናዊ ቀፎ ከሆነም የማር ክፍሉን (ማር የሚቆረጥበትን የላይኛውን ሣጥን) መቀለብ ካቆሙ በኋላ ይደርቡ።

ሁለተኛው የቅሬታ ምንጭ ውኃ ነው። ከእንጀራው ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በሰም ሳይታሸግ የተቆረጠ ማር እርጥበቱ ይበዛል። በሪፍራክቶሜትር (በእርጥበት መለኪያ) ሲለካ ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ በባሕር ዳር ሙቀት ቶሎ ይቦካል፤ አረፋ ያወጣል፣ ክዳኑን ይገፋል። ደንበኛው ይህን ሲያይ ስኳር የተቀላቀለበት ይመስለዋል። መለኪያው ከሌለዎት የታሸገውን ብቻ ይቁረጡ፣ ዕቃውንም አድርቀው ይሙሉ።

የመጭና የኑግ ማር ቶሎ ይረጋል፤ በሰከላ ብርድማ ይብሳል። ይህንን ማሩ ሳይላክ በፊት ይንገሯቸው፦ መርጋት የማር ጠባይ ነው፣ ማለስለስ የፈለገ ዕቃውን እጅ በሚችለው ሙቅ ውኃ (ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ) ውስጥ ያቆየው፣ እሳት ላይ ግን አይጣደው። ውኃ ውስጥ ጠብ አድርገው «ከታች ከተቀመጠ ንጹሕ ነው» የሚሉም አሉ። ያ የሚያሳየው በአብዛኛው የማሩን ውፍረት ነው፤ ስኳርን በርግጠኝነት የሚለየው ላቦራቶሪ ነው።

ወደ ኮዱ ስንመጣ፣ ወደ ቴሌግራም ቻናልዎ የሚወስድ አንድ ኮድ ይበቃል። በነጻ ከሚያዘጋጁ ድረ ገጾች አንዳንዶቹ የሚሰጡት ኮድ ከጊዜ በኋላ ሥራ ያቆማል፤ አድራሻው ኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፈበትን ዓይነት ይምረጡ። የቻናሉን አድራሻ (ሊንክ) ከቀየሩ ግን የታተመው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከ2 በ2 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ፣ በነጭ ላይ ጥቁር ይሁን፤ ማር ሲነካው እንዳይበላሽ ከላይ ግልጽ ፕላስተር ይለጥፉበት። ከጎኑ የዙሩን ቁጥርና ስልክዎን በጉልህ ይጻፉ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም ገዥው ተራ ስልክ ሲይዝ የሚያገለግለው እሱ ነው። ወረቀቱ ከክዳኑ ወደ ዕቃው አልፎ ቢለጠፍ መንገድ ላይ የተከፈተ ዕቃ ይታወቃል።

ሽያጩንም በኪሎ ያድርጉት። አንድ ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል፤ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን 7 ኪሎ ገደማ ይይዛል። ዋጋው የሊትር ይሁን የኪሎ ሳይገለጽ ሲቀር ገዥው የተታለለ ይመስለዋል።

ብር አስቀድመው የማይልኩት በቴሌብር መክፈል ጠልተው ሳይሆን ያላዩትን ዕቃ ስለሚፈሩ ነው። ለአዲስ ደንበኛ ግማሽ ኪሎ ልከው ሲቀበል ይክፈል፤ ትልቁን ትእዛዝ ቅድሚያ ከፍሎ ይውሰድ። እርስዎም «ከፍያለሁ» የሚል የስክሪን ፎቶ አይተው ማር አይስጡ፤ በ*127# ገብተው ብሩ ሒሳብዎ ላይ መድረሱን ካረጋገጡ በኋላ ይላኩ።