ሲኒዋ ከረከቦቱ ስትወርድ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። ከ10 ዓመት እህትህ ጋር ቤት ውስጥ ስቶፕ ሞሽን (ዕቃን በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሱ ፎቶ በፎቶ የሚሠራ ፊልም) መሞከር እንደፈለጋችሁ፣ ከስልክ በቀር ካሜራ እንደሌላችሁ፣ በጭቃ የሠራችሁት ሰውም ደርቆ እንደተሰነጠቀ ጽፈሃል። «ምን እንግዛ? ከየት እንጀምር?» ነው ያልከው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ይህንን ሥራ ከጀመርን ሦስት ክረምት አልፏል። ስንጀምር እሱ 11 ዓመቱ ነበር። ያየሁትን በዝርዝር ልንገርህ።

ለጊዜው ምንም አትግዙ። ጭቃውንም ተዉት። ሰው ከመሥራታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ አንቀሳቅሱ። የእኛ የመጀመሪያ ተዋናይ የእናታችን ሲኒ ነበረች። ቡና ተጠጥቶ አልቋል፣ ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ተደርድረዋል። አንዷ ቀስ ብላ ትወርድና ወደ በሩ ትሄዳለች። ጀበናዋ ዞር ብላ ታያታለች። ታሪኩ ይኸው ነው። ፊልሙ 40 ሰከንድ ነው፤ አራት ከሰዓት በኋላ ፈጅቶብናል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሲኒማ ቤት የምናየው ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። ለቤት ሥራ 12 ይበቃል። እንቅስቃሴው ትንሽ ቆረጥ ቆረጥ ይላል እንጂ ዓይን ይቀበለዋል። በ12 ከሄዳችሁ አንድ ደቂቃ 720 ፎቶ ነው። የእኛ 40 ሰከንድ 480 ፎቶ መሆኑ ነው። ይህንን ለእህትህ አስቀድመህ ንገራት። ልጅ የሚሰላቸው መጨረሻው የት እንደሆነ ሳያውቅ ሲቀር ነው። እኛ ወረቀት ላይ 480 ቁጥር ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። በየ60 ፎቶው ታናሼ በእርሳስ ያሰምርበት ነበር።

መተግበሪያ ከፈለጋችሁ ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ የሚባለውን ስልክህ ላይ ጫን። ነፃው ለመጀመር ይበቃል። ዋናው ጥቅሙ ያለፈውን ፎቶ እንደ ጥላ አደብዝዞ አሁን ካለው ላይ ደርቦ ማሳየቱ ነው። ሲኒዋ የት እንደነበረች፣ አሁን የት እንዳለች በዓይንህ ታያለህ። ይህ ከሌለ በግምት ነው የምትሄዱት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ብርሃን። የመጀመሪያውን ቀን በመስኮት ብርሃን አነሳን። ክረምት ነው፤ ደመናው ይመጣል፣ ይሄዳል። ስናነሳ ምንም አልታየንም። ፎቶዎቹ ተያይዘው ሲጫወቱ ግን ቤቱ በሙሉ ብልጭ ድርግም ይላል። የሁለት ሰዓት ሥራ ተበላሸ። ታናሼ ሊያለቅስ ደረሰ። በማግስቱ መስኮቱን በጋቢ ሸፈንነው፣ በሩን ዘጋን፣ በመብራት ብቻ ሠራን። ከዚያ በኋላ የመስኮት ብርሃን ተጠቅመን አናውቅም።

መብራት ስትጠቀሙ ሌላ ነገር ይመጣል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። አንዳንድ አምፖል ዓይን ሳያየው ይርገበገባል፣ ስልኩ ግን ያየዋል። ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመር ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ስልክህ የመዝጊያውን ፍጥነት (ፎቶ ሲነሳ ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) በእጅ የሚያስመርጥ ከሆነ 1/50 ሰከንድ አድርገው። ካልሆነ አምፖሉን ቀይር። መብራት ሲጠፋስ? እኛ በቻርጅ መብራት ለመቀጠል ሞክረን ነበር። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ብርሃኑም አብሮ ቀነሰ፤ ፊልሙ ላይ ሲኒዋ እየመሸባት የምትሄድ መሰለች። አሁን መብራት ከጠፋ ሥራ እናቆማለን። ዕቃው ካልተነካ መብራቱ ሲመጣ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

ሌላው፣ ልብሳችሁ። ይህንን ማንም አልነገረንም ነበር። ታናሼ ደማቅ ቢጫ ቲሸርት ለብሶ ጎንበስ ቀና ሲል ነጩ ሲኒ ላይ ቢጫ ነጸብራቅ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ልብስ ልበሱ፣ ፎቶው በተነሳ ቁጥርም ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ቁሙ።

ስልኩን በሚመለከት አንድ ሕግ አለ፤ ከተቀመጠ በኋላ አይነካም። እኛ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ መሐል አቁመን በፕላስተር አሰርነው። ቻርጀሩን ከመጀመሪያው ሰኩት፤ መሐል ላይ ልሰካ ካልክ ስልኩ ይነቃነቃል። ኔትወርኩንም አጥፋው። አንድ ጊዜ አክስታችን ደውላ ስልኩ በንዝረት ዞሮብን ሙሉውን ትዕይንት ደግመናል። ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፍ፤ አለበለዚያ እጅ በገባ ቁጥር ስልኩ ራሱን ያስተካክላል። ለማንሳትም ጣት አያስፈልግም። መተግበሪያው በየተወሰነ ሰከንድ ራሱ እንዲያነሳ ማድረግ ይቻላል። እኛ 10 ሰከንድ አድርገን እኔ እቆጥራለሁ፤ ስምንት ላይ «እጅ!» ስል ታናሼ እጁን ያወጣል። ቦታውን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ሰው የማያልፍበት ጥግ ምረጡ።

ስለ እንቅስቃሴ የተማርኩትን ዋናውን ነገር ያስተማረኝ ታናሼ ነው። እኔ ሲኒዋን በየፎቶው እኩል አንድ ሴንቲሜትር እገፋት ነበር። በትክክል ትሄዳለች፤ ግን ገመድ የሚጎትታት ትመስላለች። እሱ «ስትነሳ መፍራት አለባት» አለኝ። መጀመሪያ ሁለት ሚሊሜትር ገፋት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ አንድ ሴንቲሜትር፤ ልትቆም ስትል ደግሞ መልሶ አሳነሰው። ረከቦቱ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ምንም ሳይነካት 12 ፎቶ አስነሳኝ። አንድ ሰከንድ ሙሉ ቆመች። ከዚያ በትንሹ ወደ ኋላ አዘነበላት፣ እንዳትወድቅም ከሥሯ ትንሽ ፕላስቲሲን (ልጆች የሚጫወቱበት ለስላሳ ጭቃ መሰል ነገር) አደረገላት። ዓይን የላት፣ እግር የላት፤ ግን ቁልቁል እያየች ስታመነታ ታያታለህ። እናታችን ስታይ «ውይ፣ ልትወድቅ ነው!» ብላ እጇን ዘረጋች። እኔ ብቻዬን ብሠራው ያቺ ሰከንድ አትኖርም ነበር።

ስለዚህ ከእህትህ ጋር ሥራ ስትከፋፈሉ አስቡበት። እኛ በመጀመሪያው ቀን ተጣልተናል። ዕቃውንም ስልኩንም እኔው ይዤ እሱን «አቀብለኝ» ብቻ እለው ነበር። ተነስቶ ወጣ፤ ልክ ነበር። ከዚያ ተስማማን። ዕቃውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ይወስናል። ስልኩ ጋ ያለው ይቆጥራል፣ መተግበሪያው የሚያሳየውን ያለፈውን ፎቶ ጥላ ያያል፣ የተረሳ ነገር ካለ ይናገራል፤ ግን እጁን አያስገባም። በማግስቱ ቦታ እንለዋወጣለን። የ10 ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ ከ40 ደቂቃ በላይ አታስቀምጣት። ስታርፉ የተነሳውን አጫውትላት። ሲንቀሳቀስ ስታየው ራሷ ተመልሳ ትመጣለች።

ስለ ጭቃው ጠይቀሃል። የሸክላ ጭቃ ውሃው ሲተን ይኮማተራል፤ ለዚህ ነው የሚሰነጠቀው። ዘይት ያለው የልጆች ፕላስቲሲን ግን አይደርቅም፤ የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ጠይቅ። ለምትሠሩት ሰው አጥንት ቁራጭ የመብራት ሽቦ ልጣችሁ መዳቡን ሁለት ሁለቱን አጣምራችሁ ተጠቀሙ። የእኛ ሰውዬ አልቆም ሲል እግሩ ውስጥ ዳዶ ከተትንለት፤ ከዚያ በኋላ ቆመ። ነጩን ፕላስቲሲን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፣ ወዲያው ይቆሽሻል።

ፕላስቲሲን ባታገኙም መንገድ አለ። ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር ከጥቁር ካርቶን በመቀስ የቆረጠቻቸውን ምስሎች ከኋላ እያበራች፣ በየፎቶው በእጅ እያንቀሳቀሰች፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሄድ ፊልም ሠርታለች። ሥራው ሦስት ዓመት ገደማ ወስዶ በ1926 እ.ኤ.አ. ታየ። ክንድና እግሩን ለየብቻ ቆርጣ በቀጭን ሽቦ ነበር የምታያይዘው። እኛ ባለፈው ክረምት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግተን፣ ከሥር መብራት አድርገን፣ ስልኩን ከላይ አስረን ሞከርነው። ጥላ ብቻ ስለሚታይ ፊት መሳል አያስፈልግም፣ ምስሉም ተኝቶ ስለሚሠራ አይወድቅም። እህትህ መቀስ ከወደደች ምናልባት ከሲኒው ይልቅ ይህ ይስማማት ይሆናል።

ድምፁን መጨረሻ ላይ አስገቡ። ጤፍ ከፍ አድርጋችሁ ሰፌድ ላይ ስታፈሱት ዝናብ ይመስላል። የሲኒዋን እርምጃ በጥፍራችን ሌላ ሲኒ እየነካን ቀዳን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ 60 ፎቶ ብቻ አንሱ፤ አምስት ሰከንድ ነው። አንድ ዕቃ፣ አንድ መንገድ፣ መሐል ላይ አንድ ቆም ማለት። የት ላይ እንደሚቆም ግን እሷ ትምረጥ። ስትጨርሱ እዚህ ለጥፉልን፤ ከታናሼ ጋር ሆነን እናየዋለን።