ግላይኮሊሲስ፣ ጓያና ብቅል፦ የባዮኬሚስትሪ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከወሎ የሚመጡ ጥያቄዎች በዝተዋል። ፋይናል ስለቀረበ ይመስለኛል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፤ በቀጥታ ወደ መልሱ ልግባ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከወልድያ ነው የምጽፍልዎት፤ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። የግላይኮሊሲስን (ሴል ግሉኮስን የሚሰብርበትን መንገድ) አሥር እርምጃዎች ሌሊቱን ሙሉ እቸክላለሁ። ፈተና ላይ ስቀመጥ ግን ግማሹ ይጠፋኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» እየሄድክ ነው። አንዱን ስም ትይዛለህ፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለህ፤ መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላየህም። ስሞቹን ለጊዜው ተዋቸው። ባዶ ወረቀት አውጣና ካርቦኑ፣ ፎስፌቱና ኤሌክትሮኑ የት እንደደረሱ ብቻ ተከታተል።

ባለ6 ካርቦን ግሉኮስ ይገባል፤ ባለ3 ካርቦን ሁለት ፓይሩቬት ይወጣል። መጀመሪያ 2 ኤቲፒ (የሴሉ የኃይል ገንዘብ) ይከፈላል፣ በኋላ 4 ይገኛል። ትርፉ 2 ነው። ኤሌክትሮኑን ኤንኤዲ የሚባል ተሸካሚ ሞለኪውል ተቀብሎ 2 ኤንኤዲኤች ይሆናል። ኤንኤዲ በሴሉ ውስጥ ያለው ጥቂት ስለሆነ ኤሌክትሮኑን አራግፎ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ጡንቻ ኦክስጅን ሲያጥረው ፓይሩቬትን ወደ ላክቴት የሚቀይረው ለዚህ ነው፤ ኤንኤዲውን ለማስመለስ። ይህን ከያዝክ የላክቴትን ጥያቄ በምንም መልክ ቢያመጡልህ አትስተውም።

ቀጥሎ ወደኋላ የማይመለሱትን ሦስት እርምጃዎች ያዝ። የሄክሶካይኔዝ፣ የፎስፎፍሩክቶካይኔዝና የፓይሩቬት ካይኔዝ ናቸው፤ ሦስቱም ኢንዛይሞች፣ ማለትም ለውጡን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች፣ ናቸው። ሴሉ መንገዱን የሚቆጣጠረው እነሱ ላይ ነው። ጉበት ግሉኮስ ሲሠራ እነዚህን ሦስቱን በሌሎች ኢንዛይሞች ያልፋቸዋል፤ የቀሩትን ሰባቱን ግን እዚያው እንዳሉ ወደኋላ ይሄድባቸዋል። ስለዚህ ግላይኮሊሲስ የገባው ተማሪ የግሉኮኒዮጄኔሲስን፣ ማለትም የዚህን የግሉኮስ ሥራ፣ አብዛኛውን ክፍል አብሮ ይዞታል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ። የድሮው ሃንድአውት አንድ ግሉኮስ 38 ኤቲፒ ይሰጣል ይላል። መጽሐፉ ደግሞ 30 ወይም 32 ይላል። የትኛውን ልጻፍ?

መልስ፦ መጽሐፉ ትክክል ነው። 38 የሚመጣው ኤንኤዲኤችን በ3 ኤቲፒ፣ ኤፍኤዲኤች2ን (ሌላውን የኤሌክትሮን ተሸካሚ) በ2 ስታባዢ ነው። አሁን የሚሠራበት 2.5 እና 1.5 ነው። ራስሽ ቁጠሪው። ግላይኮሊሲስ 2፤ ፓይሩቬት ወደ አሴቲል ኮኤ ሲቀየር 5፤ አሴቲል ኮኤ የሚገባበት የክሬብስ ዑደት 20። እስካሁን 27 ነው። የግላይኮሊሲስ ሁለት ኤንኤዲኤች ደግሞ ወደ ማይቶኮንድሪያ በገቡበት በር ልክ 3 ወይም 5 ይጨምራሉ። 30 ወይም 32 የሚባለው ለዚህ ነው። መልሱን ከነቆጠራው ጻፊው።

ጥያቄ፦ የጤና ተማሪ ነኝ፣ ቤተሰቦቼ ደላንታ ናቸው። 20ዎቹን የፕሮቲን መሥሪያ አሚኖ አሲዶች ከነስትራክቸራቸው እንድንይዝ ተነግሮናል። እውነት ለመናገር ለእኛ አገር ሰው ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከደላንታ በመምጣቱ ደስ ብሎኛል፣ መልሱ እዚያው ነውና። ጓያ እግሩን የያዘውን ሰው ሳታዪ አልቀረሽም። ጓያ ድርቅንም ውኃ የተኛበትን መሬትም ይችላል፤ ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይቀራል። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ከነበረው ድርቅ በኋላ በደላንታና ዳውንት ብዙ ሰው ለሽባነት የተዳረገው በዚህ ነው።

ውስጡ ቤታ-ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። ከ20ዎቹ አይደለም፤ ፕሮቲን አይሠራም። ስትራክቸሩን ከግሉታሜት ጎን ለጎን ሳዪው። ይመሳሰላሉ። ግሉታሜት የነርቭ ሴሎች የሚነጋገሩበት ኬሚካል ነው። ቤታ-ኦዳፕ የእሱን መቀበያ ይይዝና ነርቩን ከልክ በላይ ያነቃቃዋል። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እንቅስቃሴን የሚያዙት ነርቮች ይጎዳሉ። ጉዳቱ አይመለስም፤ ወጣት ወንዶችን ደግሞ ይበልጥ ያጠቃል።

አሁን ሰልፈር ያላቸውን ሁለቱን፣ ሜታዮኒንንና ሲስቴይንን ተመልከቺ። ጓያ በላይሲን ሀብታም፣ በእነዚህ በሁለቱ ግን ድሃ ነው። ገብስና ስንዴ በተቃራኒው ላይሲን ያንሳቸዋል፣ በሰልፈር አሚኖ አሲዶች ይሻላሉ። ጓያን ለብቻው ከመብላት ከእህል ጋር ቀላቅሎ መብላት የሚመከረው ለዚህ ነው። መርዙ በውኃ ስለሚሟሟም በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ይቀንሰዋል። እሳት ብቻውን ግን አያጠፋውም። ይህን ለቤተሰብሽ ንገሪያቸው። ነገ በጤና ጣቢያ ስትሠሪ ደግሞ በምክርሽ የሚተርፍ እግር ይኖራል።

ለፈተናው፣ በጎን ሰንሰለታቸው መድቢያቸው። ቻርጅ ካላቸው አምስቱ ጀምሪ፤ አስፓርቴት፣ ግሉታሜት፣ ላይሲን፣ አርጂኒንና ሂስቲዲን።

ጥያቄ፦ ከደሴ። ኬኤም ትንሽ የሆነ ኢንዛይም ፈጣን ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኬኤም ኢንዛይሙ የከፍተኛ ፍጥነቱን ግማሽ የሚደርስበት የሰብስትሬት (ኢንዛይሙ የሚሠራበት ነገር) መጠን ነው፤ ይኸው ነው። ሚካኤሊስና ሜንተን በ1913 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሐሳብ ነው። (ሞድ ሜንተን ካናዳዊት ሐኪም ነበረች፤ ሴት ተማሪዎቼ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።)

በቁጥር እንየው። ፍጥነቱ ከከፍተኛው ስንት እጅ እንደሆነ ለማወቅ ግሉኮሱን ለግሉኮሱና ለኬኤሙ ድምር ማካፈል ነው። ያልበላ ሰው ደም ውስጥ ግሉኮስ 5 ሚሊሞላር ያህል ነው። የሄክሶካይኔዝ ኬኤም 0.1 አካባቢ ነው። 5ን ለ5.1 ስታካፍል 98 በመቶ፤ ከዚህ በላይ የሚሄድበት የለውም። ያንኑ ሥራ የሚሠራው የጉበቱ ግሉኮካይኔዝ ኬኤሙ 10 አካባቢ ነው። 5ን ለ15 ስታካፍል 33 በመቶ። ከምግብ በኋላ ግሉኮሱ 10 ሲደርስ 50 በመቶ ይሆናል። የግሉኮካይኔዝ ኩርባ የኤስ ቅርጽ ስላለው ይህ ግምት ነው፤ ሐሳቡ ግን አይለወጥም። ጉበት ስኳር ሲበዛ የሚያነሣው፣ ሲያንስ ለአንጎል የሚተወው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ላብ ውስጥ ኬሚካል ስለሌለ ኢንዛይምን በቲዎሪ ብቻ ተምረን አለፍን። ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፣ ያውም ጥሩ። ኢንዛይምን ሳያዩ ማለፍ ያሳዝነኛል። ብቅል ፈልግ። ገብስ ሲበቅል ስታርችን የሚቆርጥ አሚሌዝ ያመነጫል፤ ጠላ ላይም ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይረው እሱ ነው። የብቅል ዱቄት ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፈህ አጥልለው። ግማሹን አፍላና አቀዝቅዘው። በሌላ ዕቃ ትንሽ የስንዴ ዱቄት በብዙ ውኃ በጥብጠህ ቀቅል፤ ቀጭን ይሁን። ለብ ሲል ሁለት ብርጭቆ ላይ ክፈለው። በአንዱ ያልፈላውን፣ በሌላው የፈላውን የብቅል ውኃ ጨምር። ትንሽ ቆይተህ ከየብርጭቆው እየቀዳህ የፋርማሲ አዮዲን ጠብ አድርግበት። ስታርች ካለ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ያልፈላው ያለበት ቀለሙ እየደበዘዘ ሲሄድ፣ የፈላው ያለበት እንደጠቆረ ይቀራል። ሙቀት ኢንዛይሙን ገድሎታል ማለት ነው። ሎሚ ጨምረህ ድገመውና የፒኤችን (የአሲድነት ልክን) ነገር እይ። አዮዲን የነካውን ማንም እንዳይጠጣው።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ። አይሶኤሌክትሪክ ፖይንት አልገባኝም።

መልስ፦ እርጎን አስብ። ባክቴሪያው ላክቶስን ወደ ላክቲክ አሲድ ሲቀይር ፒኤች ይወርዳል። 4.6 ሲደርስ የኬዚን (የወተቱ ዋና ፕሮቲን) ጠቅላላ ቻርጅ ዜሮ ይሆናል፤ የሚገፋፋ ነገር ስለሌለ ይያያዛል፣ ወተቱ ይረጋል። ያ ፒኤች የኬዚን አይሶኤሌክትሪክ ፖይንት ነው። ለስሌት፣ ግላይሲን ላይ ሁለቱን ፒኬኤዎች (አንድ ቡድን ግማሹ ፕሮቶኑን የለቀቀበት ፒኤች)፣ 2.34 እና 9.60ን፣ ደምረህ ለሁለት አካፍል፤ 5.97። ግሉታሜት ላይ ግን ሁለቱን የአሲድ ፒኬኤዎች፣ 2.19 እና 4.25ን፣ ነው የምትወስደው፤ 3.22 ይመጣል።